ኢራጅ የተሸነፈበት ጨዋታ

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ሰው ሁሉ ዕድለኛው ወንድሜ ሲያማክ ይመስለኝ ነበር። ወር ሳይሞላ ወደ ራሽት ከተማ የሚሄደው እሱ፣ በሚኒባሱ የፊት ወንበር የሚቀመጠው እሱ፣ ሲመለስ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ውስጡ ለውዝና ስኳር ያለበት ኩሉቼ የሚባል ትኩስ ኬክ እየገመጠ የሚወርደው እሱ። ሲሄድ ፊቱ እንደ ሎሚ ቢጫ ነው፤ ትምህርት ቤትም ልጆቹ የሚጠሩት «ሎሚ» እያሉ ነበር። ሲመለስ ጉንጩ ቀልቶ፣ ዓይኑ በርቶ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል። ራሽት ማለት ሰው የሚያምርበት ከተማ ይመስለኝ ነበር።

በማዕድም ቢሆን የሚያደሉት ለእሱ ነው። የምንኖረው ከላሂጃን ከተማ በላይ፣ ሻይ በሚለቀምበት ኮረብታ ስለሆነ ሻይ ከውኃ ይልቅ ይቀርበናል። ለልጅ የሚቀዳው ግን ቀጥኖ፣ የብርጭቆው ሥር እስኪታይ ነው። ለሲያማክ ከምሳውም ከእራቱም ጋር እንደ አባቴ ጠቆር ያለው ይቀርብለታል። ለእኔ ደግሞ ጉበት ይጠበሳል። ጉበት እጠላለሁ። «እሱስ ለምን አይበላም?» ስል እናቴ «አይስማማውም» ትላለች። ለእኔም አይስማማኝም ብዬ ባለቅስም የሚሰማኝ የለም። ማምሻውን ደግሞ ሆዱ ላይ በቀጭን ቱቦ የምትያያዝ ትንሽ ማሽን አለችው። እንደ ፌንጣ ጢር ጢር ትላለች፤ አጠገቡ ተኝቼ ድምጿን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ለእኔ ስትገዛልኝ አላየሁም።

ዛሬ የእነዚያን ነገሮች ሁሉ ምክንያት አውቀዋለሁ። የወንድሜ ደም ራሱን ችሎ አይቆምም፤ በየጊዜው የሌላ ሰው ደም ካልተጨመረለት ይዝላል። የሚጨመረው ደም ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያጠራቅማል። ጥቁሩ ሻይ ከምግብ የሚገባበትን ብረት እንዲቀንስለት፣ ጉበት የቀረበትም እንዳይጨምርበት ነው። ፌንጣዋ ማሽን የተከማቸውን ብረት የሚያስወጣውን መድኃኒት በመርፌ ስታንጠባጥብለት ነበር የምታድረው። በሽታው ታላሴሚያ ይባላል፤ በእኛ ባሕር ዳርቻ ከዝናቡ እኩል የታወቀ ነው። ያኔ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማውቀው ቅናት ብቻ ነው።

ሲያማክን ወደ ራሽት የምትወስደው አብዛኛውን ጊዜ አክስቴ ሱዳቤ ነበረች፤ የእናቴ ታናሽ እህት። ወላጆቻቸው ስለሞቱ ከእኛ ጋር ነበር የምትኖረው። ረጅም ናት፤ ስትስቅ በእጇ አፏን ትሸፍናለች፤ ከሻይ ለቀማ ስትመለስ ጣቶቿ አረንጓዴ ሆነው ቅጠል ቅጠል ይሸታሉ። እናቴ ዝምተኛ ስለሆነች የቤቱ ወሬ ሁሉ የሚመጣው ከእሷ ነው። ለሲያማክ መርፌውን የምትሰካለትም እሷ ናት፤ እናቴ እጇ ይንቀጠቀጣል።

የሚኒባሱ ሾፌር ኢራጅ ይባላል፤ ከታች፣ ከባሕሩ አጠገብ ካለው መንደር ነው። ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር አለው፤ መሪውን ይዞ በአገራችን በጊላክ ቋንቋ እያንጎራጎረ ነው የሚነዳው። ዝናብ ሲጥል ድምፁን ከዝናቡ በላይ ከፍ ያደርጋል፤ አሮጊቶቹ ከኋላ «አንተ ልጅ፣ መንገዱን እይ» ይሉታል። የፊት ወንበሩን ለሲያማክ ብሎ ሰው አያስቀምጥበትም። አንድ ጊዜ የሻይ ፋብሪካው ሒሳብ ሹም ሊቀመጥ ሲል «ወንድሜ፣ ባለቤት አለው» አለው። እኔ ይህንንም ለሲያማክ ክብር ነው ብዬ ያዝኩ። ከወንበሩ ኋላ አክስቴ እንደምትቀመጥና ኢራጅ በመስታወቱ መንገዱን ብቻ እንደማያይ ማን ይንገረኝ?

አንድ ቀን አልቅሼ፣ መሬት ላይ ተንከባልዬ እኔም ራሽት ተወሰድኩ። ሐኪም ቤቱ ውስጥ ልጆች በየአልጋው ጋደም ብለው ካርቱን ያያሉ። በላያቸው ቀይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። እናቴ በበጋ የምታዘጋጀው የቼሪ ሽሮፕ ነው የመሰለኝ። ምራቄን ዋጥኩና ነርሷን «ለእኔስ?» አልኳት።

«ላንቺ ምን?»

«ቀዩን።»

ነርሷ አክስቴን አየቻት፤ አክስቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። ነርሷ በመጨረሻ እጄ ላይ ፕላስተር ለጠፈችልኝ፤ እኔም ተደስቼ የሲያማክ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሲያማክን ደም ሥር ግን ማግኘት አልተቻለም። አንዱን እጅ ሞከሩ፣ ሌላውን ሞከሩ፣ ወደ እግሩ ወረዱ። አክስቴ ራሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ የኢራጅን ዜማ በጆሮው ታንጎራጉርለታለች። እሱ ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያውን ያያል። ተቃቅፈው የሚጫወቱ መስሎኝ እኔም እቀፉኝ ብዬ በመካከላቸው ልገባ ታገልኩ።

በዚያው ጸደይ ኢራጅ ሽማግሌ ላከ። አባቴ እሺ አለ፤ እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት። ሲያማክ ደግሞ «ሚኒባሱ የዘመድ ሊሆን ነው» እያለ በመንደሩ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። አክስቴ ጣቷ ላይ ቀለበት አጠለቀች፤ ቅጠል ስትለቅም እንዳይቧጠጥ አውጥታ በአንገቷ ሐብል ታንጠለጥለዋለች። ለሠርጉ ለእኔ ቢጫ ቀሚስ ተሰፋ። ያኔ አዲስ የወጣ ሕግ ነበር፤ ማንኛውም ሙሽራ ደሙን ሳይመረመር የጋብቻ መዝጋቢው አይቀበለውም። ሁለቱ አብረው ሄደው ተመረመሩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጤና ጣቢያዋ ሴትዮ ኻኖም ባሂሪ ጃንጥላዋን እያራገፈች መጣች። ኢራጅም ከኋላዋ አለ፤ ጫማውን አውልቆ በር ላይ ቆሟል። እናቴ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፋ ቦሎቄ ትለቅማለች፤ ከጎኗ የአባቴ እናት ቢቢ፣ ከግድግዳው ሥር ደግሞ አባቴና አክስቴ ተቀምጠዋል። ሲያማክን ከጎረቤት ወንፊት እንዲያመጣ ላኩት። እኔን ማንም አላየኝም፤ እናቴ ጀርባ ተለጥፌ ነበር።

ኻኖም ባሂሪ ብዙ ተናገረች። ከተናገረችው ውስጥ የገባኝ «ሁለታችሁም ተሸካሚ ናችሁ» የሚለው ብቻ ነው። አክስቴን አየኋት፤ ምንም አልተሸከመችም። ኢራጅም እጁ ባዶ ነው።

«እኔ ታምሜ አላውቅም» አለ ኢራጅ። «ጆንያ ሻይ በአንድ እጄ ነው የማነሳው።»

«አልታመምክም ኢራጅ። ወደፊትም አትታመምም። ሱዳቤም እንደዚሁ። ነገሩ ስትገናኙ ነው።»

እንዳልገባው ስታይ ጎንበስ ብላ ከእናቴ ጨርቅ ላይ ቦሎቄ አነሳች። ለኢራጅ አንድ ነጭና አንድ ቀይ ሰጠችው፤ ለአክስቴም አንድ ነጭና አንድ ቀይ።

«ሰው ሁሉ ለዚህ ነገር ሁለት ሁለት ፍሬ አለው» አለች። «አንዱን ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ያገኛል። ነጩ ጤነኛው ነው። እናንተ አንድ አንድ ቀይ አለባችሁ፤ ነጩ ስለሚሸፍንላችሁ ጤነኛ ናችሁ። ልጅ ሲመጣ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ትሰጣላችሁ። መምረጥ ግን የለም። በሉ ዓይናችሁን ጨፍኑና አንድ አንድ አውጡ።»

ጨዋታ ነው ማለት ነው። ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። ሁለቱ ዓይናቸውን ጨፍነው አወጡ፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ።

«ይኼ እንደ እናንተ ነው። ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። እንደገና።»

ሁለቱም ነጭ አወጡ። አጨበጨብኩ። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ይኼ ምንም የለበትም። እንደገና።»

ቀይ። የአክስቴ መዳፍ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ እሱም ቀይ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲያንጠባጥብ ይሰማል። አክስቴ ሁለቱን ቀያዮች እያየች ቀረች።

መጀመሪያ የተናገረችው ቢቢ ናት። «እኔ መቼም በእኛ ወገን እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አለች። «ለልጄም ያኔውኑ ብዬዋለሁ፤ የዚያን ቤት ደም አጣራ ብዬዋለሁ።»

«ቢቢ ጃን» አለች ኻኖም ባሂሪ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ሲያማክ እንዲታመም ሁለት ቀይ ያስፈልጋል። አንዱን ከእናቱ አገኘው እንበል። ሁለተኛውን ከየት አመጣው?»

ቢቢ ሻርፗን ወደ ግንባሯ ጎተተች። እናቴም ቀና አላለችም፤ ቦሎቄ መልቀሟን ቀጠለች፤ ግን ጥሩውንም መጥፎውንም ወደ አንድ ወገን ስትጥል አየሁ። አባቴ ተነሥቶ «ላሟን ልያት» ብሎ ወጣ። ላሟን ታስራ አይቻት ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ እንዳጫወተችኝ፣ ሐኪሞቹ ለአባቴ ሲያማክ ገና ሕፃን ሳለ ነው የነገሩት። ለእናቱ ለቢቢ ግን ደፍሮ «ከእኔም ነው» አላላትም። እናቴ ያን ሁሉ ዘመን የቢቢን ነገር ዋጥ አድርጋ ስትኖር እሱ ሻዩን ይጠጣ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቢቢ ስለ ደም ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ይቅርታም ግን አላለችም። ያን ሰሞን ግን አባቴ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብሎ ቦሎቄ ሲለቅም አየሁት፤ ወንድ ልጅ ቦሎቄ ሲለቅም በመንደራችን ታይቶ አይታወቅም ነበር።

ኢራጅ ግን ያኔ አልተሸነፈም። ቀዩን ፍሬ ጨርቁ ላይ መለሰና «እሺ፣ ሦስተኛው ቢመጣስ?» አለ። «እናሳድገዋለና። ሲያማክን የማላውቀው ይመስላችኋል? ስንት ጊዜ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ተመልሷል? ከእሱ የተሻለ ልጅ የት ይገኛል?»

ሁሉም ወደ አክስቴ ዞሩ። አክስቴ ወደ በሩ ነበር የምታየው። ሲያማክ ወንፊቱን ደረቱ ላይ አቅፎ በረንዳው ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ የሚያውቅ አልነበረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ አክስቴ ቀለበቱን መለሰች። ምክንያቷን ለመንደሩ ሁሉ በምንጩም በሻይ ማሳውም ተናገረች፤ ለሲያማክ ደግሞ ደጋግማ ነገረችው። «ሲነዳ ይዘፍናል፤ ሲበላም ያንጎራጉራል። ዕድሜዬን ሙሉ ያን ድምፅ መስማት አልችልም። ራሴን ያመኛል።»

ሴቶቹ ተሳሳቁባት። «ለዘፈን ብሎ ባል የሚመልስ አየን» አሉ፤ «ነገ ደግሞ አነጠሰ ብላ ትመልሳለች።» አንዷማ «ይቺ ከተማ እየተመላለሰች ዓይኗ ከፍ ብሏል» አለች። አክስቴ ሁሉንም ሰምታ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። እኔ ግን አመንኳት። የኢራጅን ዘፈን ስለምወድ ከልቤ ተቀየምኳት፤ አንድ ሰሞን አጠገቧ መተኛትም እምቢ አልኩ። ቢጫው ቀሚሴ ሳይለበስ ተሰቅሎ ቀረ።

አንድ ማምሻ አክስቴ የሲያማክን ሆድ በጥጥ እየጠረገች መርፌውን ልትሰካለት ስትል ሲያማክ ሁለት ጉንጮቹን በጣቶቹ ጎትቶ፣ ዓይኖቹን አፍጥጦ ምላሱን አወጣ።

«አክስቴ» አላት እንደዚያው ሆኖ፣ «እኔ ይኼን ያህል አስፈራለሁ?»

በሳቅ ፈነዳሁ። ደግመው ብዬ ለመንኩት። አክስቴ ግን መርፌውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ «አስቀያሚ ነህ እንጂ አታስፈራም» ብላው፣ ልትስቅ ሞክራ፣ መርፌውን ለእናቴ አቀብላ ወጣች። እናቴ በሚንቀጠቀጥ እጇ ሰካችለት። ሲያማክ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ ቀልዱ ያላለቀ መስሎኝ እጁን እየጎተትኩ «ደግመው እንጂ» እለው ነበር።

በእኔ ሒሳብ ሁሉም ነገር የተበላሸው በዚያ ጨዋታ ነው። ኢራጅ በሁለቱ ዙር አሸንፎ በአንዱ ብቻ ነው የተሸነፈው፤ እንዲህ ያለ ሕግ ተገቢ አይደለም። አክስቴ «ዘፈኑን ጠላሁ» ማለቷም በተሸናፊ ማፈሯ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከእናቴ ማድጋ ነጭ ነጩን ቦሎቄ ብቻ ለቅሜ በካልሲ ሞላሁና ሚኒባሱ ሲደርስ እየሮጥኩ ወረድኩ። ኢራጅ ብቻውን መስታወቱን እየወለወለ ነበር።

«እንካ» አልኩት። «ኻኖም ባሂሪን እንደገና እንጫወት በላት። አሁን ብትጨፍንም ነጭ ነው የሚወጣልህ።»

ካልሲውን ተቀብሎ ከፍቶ አየ። በርከክ አለና ከፊቴ ትክክል ሆነ። ዓይኖቹ ቀልተዋል፤ አቧራ የገባበት መሰለኝ።

«ጎልናር ጃን» አለኝ፣ «እኔ ለመጫወት ዝግጁ ነኝ። ያቺ አክስትሽ ናት መጫወት የማትፈልገው።»

«ዘፈንህን ተዋ ታዲያ።»

«ትቻለሁ» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲያ በሚኒባሱ ውስጥ ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። የፊት ወንበሩ ግን የሲያማክ ሆኖ ቀረ። አክስቴ ራሽት መሄዷን ተወች፤ እናቴ ትሄድ ጀመር። እናቴ እንደምትለው ደም ሥሩ ጠፍቶ ሲያስቸግር ኢራጅ ሚኒባሱን አቁሞ እየገባ፣ ሲያማክን ያቅፍ የነበረው እሱ ነው። ስለ አክስቴ አንድም ቀን አልጠየቀም፤ እናቴም አላነሣችበትም።

አክስቴን የጠየቅኋት እኔ ራሴ ለማግባት ተመርምሬ ውጤቴን ያወቅሁ ዕለት ነው። እኔም አንዱ ቀይ አለብኝ፤ ባሌ ግን ሁለቱም ነጭ ስለሆነ የጋብቻ መዝጋቢው ስማችንን ሲጽፍ እጁ አልቆመም። አክስቴ ያኔ ላንጋሩድ ከተማ አናጢ አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለች። እሷ ዓሣ እያጸዳች፣ እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ስለዚያ ዘፈን አነሣሁባት።

«አይ አንቺ ልጅ» አለች ዓሣውን ሳትለቅ። «እውነት መሰለሽ? ያ ሰው ሲዘፍን ሳልሰማ የዋልኩበትን ቀን ቀን ብዬ አልቆጥረውም ነበር።»

«ታዲያ ምነው?»

«ሲያማክን ስንት ዓመት ነው የያዝኩት? መርፌው ሲገባ ሲንዘፈዘፍ እዚህ ነው የሚሰማኝ።» በክንዷ ደረቷን ነካች። «ከእኔ ማኅፀን ወጥቶ፣ አውቄ፣ እያወቅሁ... አልቻልኩም። ኢራጅ ይችል ነበር፤ ወንድ ስለሆነ አይደለም፣ ልቡ ሰፊ ስለሆነ ነው። እኔ አልቻልኩም። ያንን ደግሞ ለእህቴ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ያንቺን ዓይነት ልጅ አልፈልግም ልበላት? እሱስ ሲሰማ ምን ይላል?»

«ዘፈን ጠላሁ አልሽ።»

«ሰው እንደ ቂል ቢያየኝ ይሻላል። ሞኝ ሴት ብለው ሁለት ክረምት ሳቁብኝ፣ ከዚያ ረሱት። ወንድምሽን ግን ማታለል አልቻልኩም። ያን ማምሻ ፊቱን ጎትቶ ሲጠይቀኝ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ» አልኳት። «ስስቅ ነበር።»

ዓሣዋን አጥባ ጨረሰች፤ እኔም ሽንኩርቱን ምክንያት አድርጌ ዓይኔን ጠረግሁ።

ሲያማክ በሃያ ዓመቱ ይሞታል ተብሎ ነበር፤ ቢቢ ለቀብሩ ያስቀመጠችለት ነጭ ጨርቅ ነበረ። ቢቢ ራሷ በዚያ ጨርቅ ተገነዘች። እሱ ግን ፌንጣዋ ማሽን በሚዋጥ ክኒን ተተክታ፣ ፀጉሩ ገብስማ ሆኖ፣ ቁመቱ የእኔ ትከሻ ላይ ቀርቶ፣ ቀልዱን ሳይተው ለጎልማሳነት ደረሰ። ራሽት በደም ባንክ ሥራ ያዘ። ሥራው ስልክ እየደወለ «ደም የምትሰጡበት ጊዜ ደርሷል» ማለት ነው። ሾኩፌ የምትባል ልብስ ሰፊ ሳይደወልላት በቀጠሮዋ የምትመጣ ለጋሽ ነበረች። ሲያማክ ግን ይደውልላታል። «ያልረሳሁትን ምን ልታስታውሰኝ ነው የምትደውለው?» ስትለው፣ «እኔን» አላት ይባላል፤ ይህን የሚያወራው እሱ ስለሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሾኩፌ ስትመረመር ሁለቱም ፍሬዎቿ ነጭ ሆኑ። እናቴ ውጤቱን ሰምታ ነገሩ አልገባትም። ዕድሜዋን ሙሉ በልጇ ደም ስትፈራ ኖራ፣ አሁን ልጇ ጤነኛ ልጅ ይወልዳል ሲሏት እንዴት ይግባት? አስረዳኋት፤ ከእሱ ለልጁ የሚሄደው ቀይ ብቻ ነው፣ ከሾኩፌ የሚሄደው ነጭ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚወለደው ሁሉ አንድ ቀይ ብቻ ይዞ፣ እንደ እኔና እንደ እሷ ሆኖ ይወለዳል። አንዱም አይታመምም። እናቴ በጣቶቿ አጣጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጣጥፋ ቆጠረችው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ አባቴን ፍለጋ ወደ ሻይ ማሳው ወጣች። ከርቀት አየኋቸው፤ ልብሱን ይዛ በጣቶቿ እያሳየች ታስረዳዋለች።

ሠርጉ በእኛው ግቢ ነው የተደረገው። በሻይ ቁጥቋጦዎቹ መካከል ወንበር ተደረደረ፤ ዝናቡ ለአንድ ቀን ምሕረት አደረገ። አክስቴ ሱዳቤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር መጣች፤ ወገቧ ሰፍቷል፤ ስትስቅ አሁንም አፏን ትሸፍናለች። ኢራጅም ከሚስቱና ከሴት ልጁ ጋር ከታች መንደር መጣ። ፀጉሩ ሳስቷል። ሚኒባሱን ከሸጠ ቆይቷል፤ አሁን ሩዝ ያመርታል። ኻኖም ባሂሪ እንኳ ዘንግ ተደግፋ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። አክስቴና ኢራጅ ግቢው መግቢያ ላይ ተገናኙ። ባሏ ለኢራጅ እጁን ዘረጋ፤ ሚስቱ አክስቴን ጉንጯን ሳመቻት። «ልጆች አደጉ» አለ ኢራጅ። «ያንተም አድጋለች» አለች አክስቴ። ከዚያ እያንዳንዱ ወደ ወንበሩ ሄደ፤ እሷ በቤቱ ወገን፣ እሱ በማሳው ወገን።

ከሰዓት በኋላ ከበሮውና ክላርኔቱ ሲጀምር ሲያማክ ሾኩፌን እጇን ይዞ መሐል ገባ። እንዲህ ይጨፍራል ብሎ የገመተ አልነበረም። እጆቹን ዘርግቶ፣ ትከሻውን እያራገበ፣ በአጫጭር እግሮቹ ዞረ። ሕዝቡ እያጨበጨበ ከበበው። አባቴ ብቻውን ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሾኩፌ «በቃ፣ ዐረፍ በል» ትለዋለች፤ እሱ አንድ ዙር ብቻ፣ አንድ ዙር ብቻ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ በድንገት ፊቱ ገረጣና ቆመ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል።

ለመሮጥ ስነሣ ቀድመውኝ ነበር። ከቤቱ ወገን አክስቴ ወንበር አንሥታ በጭፈራው መሐል ሰው እየገፋች ትመጣለች። ከማሳው ወገን ኢራጅ ወንበር በራሱ ላይ ተሸክሞ ይመጣል። ሁለቱም ከሲያማክ ኋላ እኩል ደርሰው ወንበሮቻቸው ተጋጩ። ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው ኢራጅ ነው፤ ከዚያ አክስቴ፣ ሁለት እጇ ወንበር ስለያዘ አፏን ሳትሸፍን።

ሲያማክ ዞሮ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን፣ አንዴ ወንበሮቹን አየ። በአክስቴ ወንበር ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። የኢራጅን በእግሩ ወደ ፊቱ ሳበና፣ የሙሽራ ጫማውን አውልቆ፣ ሁለት እግሮቹን ሰቀለበት።

«አሁን» አለ ትንፋሹ ሲመለስ፣ «ሙዚቀኞቹን ማን አቁሙ አላቸው?»